ግዝፈት ወይስ ቅርበት? የኦዲተር ነጻነት በአዲስ አበባና በሪያድ ሕጎች ሲመዘን

የኦዲት ድርጅት በገዘፈ ቁጥር ነጻነቱም ይጠነክራል የሚለው ሐሳብ ምንጩ የሒሳብ አያያዝ ምሁሯ ሊንዳ ዲአንጀሎ እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተሙት ጽሑፍ ነው። እኛም ዘንድ «ትናንሾቹ ቢሮዎች ተዋህደው ይጠናከሩ» ሲባል፣ ስማቸው ባይነሳም ክርክሩ የእሳቸው ነው። ይህ መጣጥፍ ያንን ክርክር ይሞግታል። ነጻነትን የሚሸረሽረው የሰው ለሰው ቅርበት ነው፤ ይህንንም ከዲአንጀሎ አስቀድመው ሁለት ሕጎች፣ አንዱ አዲስ አበባ ሌላው ሪያድ ላይ፣ ደንግገውታል።

ስለ ኦዲተር ነጻነት ስለጻፉት ሌሎች ብዙ ማለት አያሻም። ሞትዝና ሻራፍ (እ.ኤ.አ. 1961) የባለሙያውን ነጻነት ከሙያው ነጻነት ለይተዋል። ዓለም አቀፉ የሒሳብ ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ደንብ የራስ ጥቅምን፣ የራስን ሥራ መልሶ መገምገምን፣ ጥብቅናን፣ ትውውቅንና ማስፈራራትን በስጋትነት ይዘረዝራል። ከእነዚህ ጋር ጠብ የለኝም።

የዲአንጀሎ ግን ሌላ ነው። እንደ እሳቸው አባባል የኦዲት ጥራት ማለት ኦዲተሩ ጉድለቱን የማግኘቱና ያገኘውንም የመናገሩ ጥምር ዕድል ነው። ነባር ኦዲተር ከእያንዳንዱ ደንበኛ ወደፊት የሚጠብቀው ጥቅም አለው። ለአንዱ ሲል እውነት ደብቆ ቢጋለጥ የሌሎቹን ያጣል። ስለዚህ ደንበኛ የበዛለት ድርጅት መያዣው ከባድ ነው፤ አንዱ ቢኮበልልበትም አይደነግጥም። ስሌቱ ያምራል፤ ነገር ግን ድርጅቱን እንደ አንድ ሰው ይቆጥራል። ከደንበኛው ፊት ተቀምጦ የሚወስነው ግን አንድ ሸሪክ ነው። የዚያ ሸሪክ ሹመትና ገቢ በአንድ ደንበኛ ላይ ከተንጠለጠለ፣ የድርጅቱ ስፋት ለእሱ ምኑም አይደለም።

በሒሳብ ቅሌት የወደቀው የአሜሪካው የኃይል ኩባንያ የኤንሮን ኦዲተር የነበረው አርተር አንደርሰን ለዚህ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ከኤንሮን የተቀበለው ክፍያ 52 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር፤ 25 ሚሊዮኑ ለኦዲት፣ 27 ሚሊዮኑ ለሌላ አገልግሎት። ይህ ከድርጅቱ ዓለም አቀፍ ገቢ ከመቶ 1 እንኳ አይሞላም። በዲአንጀሎ ስሌት አንደርሰን ኤንሮንን ሊፈራ ባልተገባ ነበር። ለድርጅቱ የሂዩስተን ቢሮ ግን ኤንሮን ትልቁ ሲሳይ ነበር። ካርል ባስ የተባሉት የድርጅቱ የሙያ ደረጃ ባለሙያ የኤንሮንን ሒሳብ አሠራር ሲቃወሙ ደንበኛው ቅሬታ አቀረበ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ባስ ከጉዳዩ እንዲርቁ ተደረገ። መያዣው ሁሉ ባለበት ቦታ ነበር፤ ያዳነው ግን የለም።

ሪያድም የራሷ ምሳሌ አላት። የሳዑዲ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን መሐመድ አል ሞጂል ግሩፕ ከተባለው ኩባንያ ሒሳብ ጋር በተያያዘ የግዙፉን ዓለም አቀፍ የኦዲት ድርጅት የዴሎይትን የአገሪቱን አጋር ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የገበያውን ኩባንያዎች ኦዲት እንዳያደርግ አገደ። ድርጅቱ ጥፋቱን አልተቀበለም፤ እኔም በዚያ ላይ አልፈርድም። ግዝፈት ብቻውን ዋስትና አለመሆኑን ለማሳየት ግን እገዳው ይበቃል።

ከሁለቱ ሕጎች አንዱና ችላ የተባለው ምንጭ በ1952 ዓ.ም. ወጥቶ በ2013 ዓ.ም. በአዲስ የተተካው የንግድ ሕጋችን ነው። አንቀጽ 370 መሥራቾችን፣ ዳይሬክተሮችን፣ የእነዚህን ባል ወይም ሚስት፣ እስከ አራተኛ ደረጃ ያሉ የሥጋና የጋብቻ ዘመዶቻቸውን፣ እንዲሁም ከእነሱ ለሌላ ሥራ ደመወዝ የሚቀበልን ሰው ከኦዲተርነት ይከለክል ነበር። ኦዲተሩ ሥራውን ከለቀቀ በኋላም 3 ዓመት ሳይሞላ የኩባንያው ዳይሬክተር ወይም ሥራ አስኪያጅ መሆን አይችልም ነበር። ዛሬ በሌላ የተተካው የሳዑዲ የእ.ኤ.አ. 1965 የኩባንያዎች ሕግም በአንቀጽ 130 አራተኛ ደረጃ ዝምድና ላይ ያሰምር ነበር፤ ለኩባንያው ማማከርን እንኳ ይጨምርበት ነበር። ሁለቱም ሕጎች ስለ ድርጅት ስፋት አንድ ቃል አይናገሩም ነበር። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ እንደሚባለው፣ የሚጠረጥሩት ቅርበትን ነበር።

ቅርበት እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ደብዳቤ ማየት ይቻላል። ሰኔ 30 ሒሳብ ሲዘጋ ኦዲተሩ የባንክ ሒሳብ ማረጋገጫ ይጠይቃል። ዓለም አቀፉ የኦዲት ደረጃ ቁጥር 505 ደብዳቤው ከኦዲተሩ ቁጥጥር እንዳይወጣ፣ መልሱም በቀጥታ ለእሱ እንዲደርስ ያዛል። የደንበኛው ገንዘብ ያዥ «እኔ ወደዚያው ነኝ፣ ይዤልህ ልምጣ» ሲል ግን፣ ለወዳጅ እንቢ ማለት ነውር ይመስላል። ፖስታው በደንበኛው እጅ ሄዶ ከተመለሰ ማረጋገጫው ዋጋ የለውም። ይህ በሁለት ሰው ቢሮም በሁለት መቶ ሰው ድርጅትም እኩል ሊሆን ይችላል።

ትልልቅ ድርጅቶች የሚመረምሩት ሒሳብ የተሻለ ሆኖ መገኘቱን የሚጠቅሱ አሉ። ትልልቆቹ መጀመሪያውኑ የተሻሉ ደንበኞችን እንደሚመርጡ ማስታወስ ለዚህ በቂ መልስ ነው። የ1952ቱ ሕግ ከፈረንሳይ የተቀዳ ነው የሚል ካለም፣ ረቂቁን ፈረንሳዊው ኤስካራ ጀምረውት የአገራቸው ሰው ዦፍሬ እንደጨረሱት አልክድም፤ የተቀዳ ሁሉ አይገጥምም ማለት ግን አይደለም። ሚዛኑ ወዴት እንዳጋደለ ግልጽ ይመስለኛል።

እንዲያውም የ1952ቱ ሕግ ጉድለት ቅርበትን በሥጋ፣ በጋብቻና በደመወዝ መወሰኑ ነበር። የክርስትና አባት፣ ማኅበርተኛና የዕቁብ ሰብሳቢ ከአራተኛ ደረጃ ዘመድ ይልቅ የሚቀርቡበት አገር ነው ያለነው። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት የተቋቋመው የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ድርጅቶች እንዲዋሃዱ ከመገፋፋት ይልቅ፣ እያንዳንዱ ፈራሚ ሸሪክ እነዚህን ግንኙነቶች በጽሑፍ እንዲያሳውቅና ገቢው ምን ያህሉ ከአንድ ደንበኛ እንደሚመጣ እንዲገልጽ ቢያስገድድ፣ ነጻነት ከሚጎዳበት ቦታ ላይ ይደርሳል።