ባሕር ዛፍና ምድጃችን
(በሬዲዮ ከተሰጠው ንግግር)



የማገዶ ነገር ከቁም ነገር የሚቈጠር አይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን በማገዶ ምክንያት ዋና ከተማችን ከቦታዋ ልትነሣ ተቃርባ እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ሕዝቧ እየበዛ ሲሄድ፣ በዙሪያዋ የነበረው ጥድና ወይራ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ እየተቈረጠ ተመናመነ። ስለዚህ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ እንጨት ወደሚገኝበት ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወሩ አስበው፣ በዚያ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ይሁን እንጂ በ1880ዎቹ ማብቂያ ገደማ ወደ አገራችን የገባው የአውስትራልያ ዛፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለቈረጣ የሚደርስ መሆኑ ታየ፤ የመዛወሩም አሳብ ቀረ። በአዲስ ዓለም የተጀመረው ሕንፃ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ዛፉም ከባሕር ማዶ የመጣ ስለ ሆነ ባሕር ዛፍ ተባለ።

በእንግሊዞች ትገዛ በነበረችው በኬንያም ይኸው ዛፍ በ1894 ዓ.ም. ገደማ ይተከል ጀመር፤ በዚያ ግን የታሰበው ለምድር ባቡር ማገዶ ነበር። ባቡሩ ከጊዜ በኋላ ወደ ነዳጅ ዘይት ተሸጋገረ፤ የቤቱ ምድጃ ግን በዚያም በዚህም በእንጨት እንደ ነደደ ቀረ።

ዛሬ በአፍሪካ ከሚቈረጠው እንጨት ከ10 እጅ 9ኙ ያህል ለማገዶና ለከሰል የሚውል ነው። ከሰሃራ በታች ከሚኖሩት ከ5 ሰዎች 4ቱ ያህል በእንጨት፣ በከሰልና ይህን በመሰለው ያበስላሉ፤ በኢትዮጵያ ደግሞ ከ10 ሰዎች 9ኙ ያህል እንደዚሁ ናቸው። በግብፅ፣ በአልጀርያ፣ በቱኒዝያና በሞሮኮ ግን መንግሥታቱ የጋዙን ዋጋ እየደጐሙ በየቤቱ ስላዳረሱት፣ የእንጨት ምድጃ ከአብዛኛው ቤት ወጥቷል።

የሚነደውም ነገር ከአገር አገር ይለያያል። በሉሳካና በዳር እስ ሰላም የከተማው ሰው ከሰል ያነዳል፤ በልማዱ አከሳሰልም ከእንጨቱ ኃይል ከግማሽ የሚበልጠው ገና ሲከስል ይባክናል። በእኛ አገር ከቤቱ ማገዶ ግማሹን ያህል የሚበላው የእንጀራ ምጣድ ነው። ዛፍ ባለቀበትም ወረዳ ገበሬው ለእርሻው ማዳበሪያ የሚሆነውን ፋንድያ ኩበት እያደረገ ያነዳዋል፤ ስለዚህ የምድጃው እሳት ከመሬቱ ፍሬ ላይ ይቀንሳል። ከእንጦጦ ሸክም ተሸክመው ጐንበስ ብለው የሚወርዱት እናቶችና ልጃገረዶችም የዚህን ማገዶ ዋጋ በጀርባቸው ሲከፍሉ ኖረዋል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው፣ አገራችን የኤሌክትሪክ ኃይሏን ከ10 እጅ ከ9 የሚበልጠውን ከውሃ የምታገኝ መሆኗ ነው። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በዓባይ ላይ የተሠራው ታላቁ ግድብም ጳጕሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ሆኖም የኤሌክትሪክ መብራት በበራበት ቤት እንኳ ብዙ ጊዜ ወጡ በከሰል፣ እንጀራውም በእንጨት ይሠራል።

ባሕር ዛፍ ከተማይቱን ከመነሣት አዳናት፤ ነገር ግን ያስገኘልን ፋታን እንጂ የምድጃን ለውጥ አይደለም። አያቶቻችን ዛፉን በመትከል የዘመናቸውን ድርሻ ፈጽመዋል። ለእኛ የቀረው፣ በሽቦ የመጣው ኃይል ከአምፖሉ አልፎ እስከ ምጣዱ እንዲደርስ ማድረግ ነው።