«ለጊዜው» የተባለው ገደብ

አንድ አገር ከእርሻ ወደ ኢንዱስትሪ ሲሻገር በመጀመሪያ የሚያቆመው ፋብሪካ አብዛኛውን ጊዜ የጥጥ መፍተያና የጨርቅ መሸመኛ ነው። ይህ ሥራ ከብረታ ብረትና ከኬሚካል ኢንዱስትሪ ጋር ሲነጻጸር የሚጠይቀው ካፒታል አነስተኛ፣ የሚቀጥረው ሠራተኛ ግን እጅግ ብዙ በመሆኑ፣ እንግሊዝም፣ አሜሪካም፣ ጃፓንም፣ ኋላም ሆንግ ኮንግና ኮሪያ በዚሁ በር ገብተዋል። ከዚህም የተነሣ አዲስ ገቢው አገር ምርቱን ይዞ ወደ ዓለም ገበያ ሲወጣ በዚያው በር ቀድሞት ከገባው ጋር መጋጨቱ አይቀርም። የቀደመው አገር መንግሥትም ሠራተኞቹ ከፋብሪካ ሲበተኑ ዝም ብሎ ማየት ስለማይቻለው፣ ከውጭ በሚገባው ጨርቅ ላይ ገደብ ያደርጋል። ገደቡ ሲታወጅ ዘወትር የሚነገረው ቃል «ለጊዜው» የሚል ነው። ይህ «ለጊዜው» የተባለ ገደብ እንዴት ከዐርባ ዓመት በላይ እንደ ቆየ፣ በመጨረሻም ማንን እንደ ጠቀመና ማንን እንደ ጎዳ መመርመር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። (ዘመናቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

ነገሩ ከኢንዱስትሪ አብዮት በፊት የጀመረ ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከህንድ በመርከብ የሚመጣው ባለ ቀለም የጥጥ ጨርቅ በርካሽነቱና በውበቱ የአውሮፓን ገበያ በያዘ ጊዜ፣ ፈረንሳይ በ1686 ከለከለችው። እንግሊዝም በ1700 ባወጣችው ሕግ ከህንድ፣ ከፋርስና ከቻይና የሚመጣውን አበባ የታተመበት ጨርቅ አገደች። ነጩ ጨርቅ ግን ሳይከለከል በመቅረቱ፣ ነጋዴው ነጩን አስገብቶ እዚያው ለንደን ማሳተም ጀመረ። በ1719 የለንደን ሸማኔዎች ተቆጥተው አደባባይ በመውጣት፣ ጥጥ የለበሱ ሴቶችን ቀሚስ እስከ መቅደድ ደረሱ፤ በ1721ም መልበሱን ራሱን የሚከለክል ሌላ ሕግ ታወጀ። በዚህ ከለላ ሥር ላንካሻየር ውስጥ ያደገው የጥጥ ሥራ በኋላ የመፍተያ መኪናን አፍርቶ፣ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ የህንድን ሸማኔ በገዛ አገሩ ገበያ አሸነፈው። እንግሊዝ ወደ ነፃ ንግድ የዞረችው የከለላው ፍሬ ከበሰለ በኋላ ነበር።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ ተራው የጃፓን ሆነ። የኦሳካ ፋብሪካዎች በጥጥ ጨርቅ ንግድ እንግሊዝን ቀደሙ። ቀድሞ የአሜሪካ አቡጀዲ በገነነበት በኢትዮጵያ ገበያ ሳይቀር የጃፓን ጨርቅ ተንሰራፋ። በግንቦት 1934 የእንግሊዝ የንግድ ሚኒስትር ዋልተር ረንሲማን በቅኝ ግዛቶች በሚገባ የውጭ ጨርቅ ላይ ኮታ መደረጉን አስታወቀ። የኮታው ልክ ጃፓን ገና ሳትገንን በነበሩት ከ1927 እስከ 1931 ባሉት ዓመታት መጠን እንዲሰላ በመደረጉ፣ ዒላማው ማን እንደ ሆነ ለማንም ግልጽ ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ «ጋት» በሚል ምሕጻር የታወቀው የታሪፍና የንግድ አጠቃላይ ስምምነት ለዚህ ዓይነቱ እርምጃ ሥርዓት አበጀለት። በስምምነቱ 19ኛ አንቀጽ መሠረት፣ ከውጭ በሚመጣ ዕቃ ብዛት ከባድ ጉዳት የደረሰበት አገር ጊዜያዊ መከላከያ ሊያደርግ ይችላል። ነገር ግን እርምጃው በሁሉም ሻጭ አገሮች ላይ እኩል መሆን ይገባዋል፤ የተጎዱት ሻጮችም ካሣ ወይም አጸፋ የመጠየቅ መብት አላቸው። የበለጸጉት አገሮች ግን የፈለጉት አንዱን ሻጭ ለይቶ መያዝ ስለ ነበረ ይህ አንቀጽ አልተመቻቸውም። ጃፓን በ1955 የጋት አባል ስትሆን 14 አገሮች ወዲያውኑ የስምምነቱን መብት ነፈጓት። በ1956 የአሜሪካዎቹ ደቡብ ካሮላይናና አላባማ ግዛቶች፣ የጃፓን ጨርቅ የሚሸጥ ባለ ሱቅ ይህንኑ የሚገልጽ ማስታወቂያ በሱቁ እንዲለጥፍ የሚያስገድድ ሕግ አወጡ። በጥር 1957 ጃፓን ወደ አሜሪካ የምትልከውን የጥጥ ምርት ለአምስት ዓመት «በራሷ ፈቃድ» ለመወሰን ተስማማች። ፈቃድ ይባል እንጂ በእምቢታ ጊዜ ምን እንደሚከተል ሁለቱም ወገኖች ያውቁ ነበር።

የተገደበ ወንዝ ግን ጎኑን ሰብሮ መውጣቱ አይቀርም። ጃፓን የተወችውን ቦታ ሆንግ ኮንግ ወዲያው ያዘችው። በዚህ ጊዜ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የ1962ቱን የንግድ ማስፋፊያ ሕግ ለማስጸደቅ የጥጥ ፋብሪካ ያለባቸውን ግዛቶች እንደራሴዎች ድጋፍ ይፈልጉ ነበር፤ ለድጋፉም የተከፈለው ዋጋ የጨርቃ ጨርቅ ኮታ ሆነ። ጄኔቫ ላይ በተደረገ ጉባኤ ከጥቅምት 1961 ጀምሮ ለአንድ ዓመት የሚጸና የአጭር ጊዜ ስምምነት ተፈረመ። በጥቅምት 1962 በአምስት ዓመት የረጅም ጊዜ ስምምነት ተተካ፤ እርሱም ሁለት ጊዜ ታድሶ እስከ 1973 መጨረሻ ዘለቀ። የስምምነቱ መሠረት «የገበያ መናጋት» የሚል አዲስ አሳብ ነበር። በዚህ አሳብ መሠረት ጉዳት መድረሱ ባይረጋገጥም ሥጋቱ ብቻ በቂ ሆነ፤ ገዢውም አገር አንዱን ሻጭ ከሌላው መለየት ቻለ።

ስምምነቱ የሚመለከተው ጥጥን ብቻ ስለ ነበረ፣ የእስያ ፋብሪካዎች ወደ ናይሎንና ወደ ፖሊስተር ዞሩ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በ1968 ምርጫ ለደቡብ ግዛቶች በገቡት ቃል መሠረት ይህንንም ለመገደብ ከጃፓን ጋር ሦስት ዓመት ያህል ተከራከሩ። ጃፓን በጥቅምት 1971 እጅ ሰጠች። የኦኪናዋ ደሴት ወደ ጃፓን የመመለሷ ጉዳይ ከዚሁ ክርክር ጋር ተጠላልፎ ስለ ነበረ፣ ጃፓናውያን «ክር ሸጠው ገመድ ገዙ» ሲሉ መንግሥታቸውን ተቹ፤ በደሴቲቱ ስም ውስጥ ያለው ፊደል ገመድ ማለት ነውና። በጥር 1974 ጥጥን፣ ሱፍንና ሰው ሠራሽ ጭረትን በአንድነት የሚያጠቃልለው የልዩ ልዩ ጭረቶች ስምምነት ሥራ ላይ ዋለ። አራት ዓመት ይቆያል የተባለው ይህ ስምምነት በየጊዜው እየታደሰ እስከ 1994 መጨረሻ ሃያ አንድ ዓመት ኖረ። በ1986 ሲታደስ ደግሞ ከኮታ ያመለጠ እንዳይኖር የሐር ድብልቅና ሌሎች የዕፅዋት ጭረቶች ተጨመሩበት።

የገደቡ ውጤት ከታሰበው የተለየ ነበር። ኮታው የሚቆጥረው ብዛትን እንጂ ዋጋን ስላልሆነ፣ የሆንግ ኮንግ ሰፊዎች ርካሹን ትተው ውድ የሆነውን ልብስ መስፋት ተማሩ። የኮታ ፈቃድ ራሱ የሚሸጥና የሚገዛ ሀብት ሆነ፤ የፈቃዱም ዋጋ በሸሚዙ ላይ ተደምሮ በመጨረሻ የከፈለው የአውሮፓና የአሜሪካ ሸማች ነው። ኮታቸው የሞላባቸው ኩባንያዎች ኮታ ወዳልነካቸው አገሮች ተሻገሩ። የኮሪያው ዴዉ ኩባንያ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከባንግላዴሹ ዴሽ ድርጅት ጋር ተዋውሎ 130 ያህል ሠራተኞችን ወደ ኮሪያ ወስዶ አሠለጠነ። ከሠለጠኑት ብዙዎቹ በኋላ የየራሳቸውን ፋብሪካ ከፈቱ፤ በ1985ም አሜሪካ በባንግላዴሽ ላይ ኮታ ለመጣል እስክትገደድ ድረስ ሥራው ተስፋፋ። ኮታው ሊያድናቸው የታሰበው የላንካሻየርና የካሮላይና ፋብሪካዎች ግን ከመዘጋት አልዳኑም፤ በአንድ በኩል አዲሱ መኪና፣ በሌላ በኩል የሸማቹ ፍላጎት መለዋወጥ ሠራተኛውን ቀነሱት። ገደቡ የሰጣቸው ጊዜ ነበር፤ ጊዜውን ግን ሠራተኛውን ወደ ሌላ ሙያ ለማሸጋገር የተጠቀመበት ጥቂቱ ብቻ ነው።

በጥር 1995 የዓለም ንግድ ድርጅት ሲቋቋም ኮታው በአሥር ዓመት ውስጥ በአራት ደረጃ እንዲነሣ ተወሰነ። ነገር ግን የበለጸጉት አገሮች በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች በአብዛኛው ማንም የማይሻማባቸውን ዕቃዎች ነፃ አውጥተው፣ ዋና ዋናዎቹን ለመጨረሻው ቀን አቆዩ። በጥር 1 ቀን 2005 ግድቡ በአንድ ጊዜ ተከፈተ። ቻይና ወደ ድርጅቱ ስትገባ የተቀበለችው ልዩ የመከላከያ አንቀጽ እስከ 2008 መጨረሻ የሚሠራ ስለ ነበረ፣ በሰኔ 2005 የአውሮፓ ኅብረት፣ በኅዳር ደግሞ አሜሪካ በቻይና ልብስ ላይ እንደ ገና ገደብ አደረጉ። በዚያ ክረምት በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሹራቦች፣ ሱሪዎችና የጡት መያዣዎች በአውሮፓ ወደቦች ታግተው፣ ነጋዴዎቹ ራሳቸው በመንግሥቶቻቸው ላይ ጮኹ።

በዚያው ዓመት የአፍሪካም ዕጣ ተገለጠ። አሜሪካ በ2000 ባወጣችው አጎዋ በተባለው ሕግ የአፍሪካ ልብስ ያለ ቀረጥና ያለ ኮታ እንዲገባ በመፍቀዷ፣ የእስያ ባለ ሀብቶች ሌሶቶ ውስጥ ፋብሪካ ተክለው ነበር። ይሁን እንጂ የሌሶቶ ዕድል ግማሹ በቻይና ላይ የነበረው ኮታ ስለ ነበረ፣ ኮታው ሲነሣ ፋብሪካዎች ተዘግተው በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች ሥራ አጡ። ኢትዮጵያም በ2016 የተመረቀውን የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በአብዛኛው በዚሁ የአሜሪካ ገበያ ተስፋ ገነባች። በጥር 1 ቀን 2022 ከሰሜኑ ጦርነት ጋር በተያያዘ ከአጎዋ ስትሰረዝ፣ የውሳኔው ክብደት ያረፈው በስፌት መኪና ፊት በተቀመጡት ወጣት ሴቶች ላይ ነበር።

ከዚህ ረጅም ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ለገዳቢውም ለተጠቃሚውም አንድ ነው። ከለላ የሚገዛው ጊዜን ብቻ ነው። በተገዛው ጊዜ ጥጡን፣ ፈትሉን፣ ሽመናውንና ሙያውን በአገሩ ያደራጀ፣ ገደቡ ሲነሣ ቆሞ ይገኛል። በሌላው ላይ በተጣለ ገደብ ጥላ ሥር ተቀምጦ ጥላውን የራሱ አድርጎ የቆጠረ ግን ፀሐይ በዞረች ጊዜ ባዶ ሜዳ ላይ ይቀራል።