የሄደው አእምሮና የቀረው እጅ፦ ስለ ዬና ከተማና ስለ ጀርመን ውሕደት

በጀርመን አገር እምብርት፣ ቱሪንጊያ በሚባለው ደናማ ምድር፣ በጎታ ከተማ ላይ ፍሪደንሽታይን የተባለ የመሳፍንት ግንብ ቆሟል። በ1652 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) የመካነ ሥላሴው ሊቅ አባ ጎርጎርዮስ በመስፍኑ በኤርንስት ተጋብዘው ወደዚህ ግንብ በመጡ ጊዜ፣ ቀደም ሲል ሮም ላይ ከተዋወቁት ከኤርፉርቱ ተወላጅ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተቀምጠው ስለ አገራቸው ሃይማኖት፣ ሥርዐትና ቋንቋ የተጠየቁትን ሁሉ ሲያስረዱ ሰነበቱ። ያመጡት ሀብት በአጋሰስ የሚጫን አልነበረም፤ በልቡና የተጻፈ፣ ከባለቤቱ ጋር የሚመጣና ከባለቤቱ ጋር የሚሄድ ዕውቀት ነበረ። ይህን ታሪክ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ያው ምድር ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ የዚህን ነገር ተገላቢጦሽ አይቷልና፤ ዕውቀቱን በልቡናቸው የያዙ ሰዎች ከቱሪንጊያ ተጭነው ሄደዋል፤ ተከፍላ የነበረችው ጀርመን አንድ ከሆነች በኋላም ምሥራቁ ከምዕራቡ እኩል ለመድረስ የተቸገረበት ምክንያት፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ከገንዘብ ማነስ ይልቅ በዚህ ስደት ውስጥ ተሰውሮ ይገኛል።

ከጎታ ተነሥቶ በኤርፉርትና በቫይማር በኩል ወደ ምሥራቅ የሚሄድ መንገደኛ ዛሌ በሚባለው ወንዝ ዳር ዬናን ያገኛል። ዬና ከ1558 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ያላት የሊቃውንት ከተማ ስትሆን፣ ስሟን በዓለም ሁሉ ያስጠራው ግን ካርል ዛይስ የተባለ ባለ እጅ በ1846 ዓ.ም. የከፈተው ትንሽ የሥራ ቤት ነው። በዚያ ዘመን የማይክሮስኮፕ ሌንስ የሚሠራው እየፈጩና እየሞከሩ፣ የተሳካውን እያስቀሩ ያልተሳካውን እየጣሉ ነበር፤ ዛይስ ግን ይህን የዕድል ሥራ ወደ ሕግ ለመመለስ ሽቶ በ1866 ዓ.ም. ኤርንስት አቤ የተባለውን የዩኒቨርሲቲውን ወጣት የፊዚክስ መምህር ቢጠራው፣ አቤ የብርሃንን ጠባይ በሒሳብ መርምሮ፣ ሌንሱ ገና ሳይፈጭ ቅርጹ በወረቀት ላይ የሚታወቅበትን ጥበብ አገኘ። ለዚህ ጥበብ የሚስማማ የጠራ መስታወት ባለመኖሩም ኦቶ ሾት የተባለ የመስታወት ሊቅ ወደ ዬና መጥቶ በ1884 ዓ.ም. ከእነሱ ጋር ሌላ ፋብሪካ አቋቋመ። እንዲህ ሆኖ አስሊው፣ አቅላጩና ፈጪው በአንድ ከተማ፣ ለዚያውም በአንድ ዩኒቨርሲቲ ጥላ ሥር ተገናኙ።

አቤ የፈትል ፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ነበርና፣ አባቱ በቀን 14 እና 16 ሰዓት በሥራ ላይ ቆሞ ሲውል ያየውን ሀብታም ከሆነ በኋላም አልዘነጋውም። ስለዚህ ዛይስ ካረፈ በኋላ በ1889 ዓ.ም. በባልንጀራው ስም ፋውንዴሽን መሥርቶ፣ የፋብሪካው ትርፍ የማንም ግለ ሰብ ርስት መሆኑ ቀርቶ ለሠራተኛው፣ ለዩኒቨርሲቲውና ለከተማው ጥቅም እንዲውል በጽኑ ሥርዐት ደነገገ፤ በ1900 ዓ.ም. ደግሞ የሥራው ቀን ስምንት ሰዓት እንዲሆን አደረገ። ይህ ድንጋጌ በጊዜው የአንድ ቸር ሰው ልግስና ብቻ ይመስል ነበር፤ ፋብሪካውን ከትምህርት ቤት ጋር ያሠረበት ገመድ ምን ያህል ጽኑ እንደ ነበረ የታወቀው ግን ከመቶ ዓመት በኋላ ነው።

በ1945 ዓ.ም. በሚያዝያ የአሜሪካ ጦር ዬናን ያዘ። ድል አድራጊዎቹ መንግሥታት አስቀድመው በተስማሙት መሠረት ቱሪንጊያ የሶቭየት ኅብረት ድርሻ ስለ ነበረች፣ ጦሩ አገሩን ለቆ ከመውጣቱ በፊት ከዛይስ 84 መሪዎችና ሊቃውንት፣ ከሾትም 41 የመስታወት ዐዋቂዎች መርጦ ወደ ምዕራብ ወሰዳቸው፤ የዛይስ ሰዎች ኦበርኮኸን በምትባል ትንሽ የደቡብ ከተማ አዲስ ፋብሪካ ሲያቆሙ፣ የሾት ሰዎች ከብዙ መንከራተት በኋላ በማይንትስ ሰፈሩ። በእግራቸው የተተኩት ሶቭየቶች በበኩላቸው ለጦር ካሳ በማለት ከፋብሪካው መሣሪያ የሚበዛውን ነቅለው ጫኑ፤ በ1946 ዓ.ም. በጥቅምትም የቀሩትን ብዙ ዐዋቂዎች ወደ ሩስያ ወሰዱ። አንደኛው አእምሮውን፣ ሁለተኛው ዕቃውን ሲወስድ፣ ለዬና የቀረላት እጅ ብቻ ነበር። እጅ የለመደውን አይረሳምና፣ ሠራተኞቹ ፋብሪካውን ከፍርስራሹ መልሰው አቆሙት፤ በ1948 ዓ.ም. ግን የሕዝብ ንብረት ተብሎ ተወረሰ። ከዚህ በኋላ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ዛይሶች፣ አንዱ በምሥራቅ ሁለተኛው በምዕራብ ቆመው፣ ስሙ የማን ነው በማለት በየአገሩ ፍርድ ቤት ሲካሰሱ ኖረው በ1971 ዓ.ም. ለንደን ላይ ታረቁ።

ይህ ዕጣ በዬና ላይ ብቻ የወደቀ አልነበረም። በዝቪካውና በኬምኒትስ መኪና ይሠራ የነበረው አውቶ ኡኒዮን በኢንጎልሽታት እንደ አዲስ ተተከለ፤ የዛሬው አውዲ ከዚሁ ግንድ የወጣ ነው። ታላቁ ዚመንስ ዋና መሥሪያ ቤቱን ከበርሊን ወደ ሙኒክ አዛወረ፤ ላይፕሲግን የመጻሕፍት መዲና ያሰኟት አሳታሚዎችም ከእነብሮክሃውስ ጋር ወደ ቪስባደን ተጓዙ። ከዚህ ላይ፣ ሁለቱ የጀርመን መንግሥታት፣ ምሥራቁና ምዕራቡ፣ ከተመሠረቱበት ከ1949 ዓ.ም. ጀምሮ የበርሊን ግንብ እስከታጠረበት እስከ ነሐሴ 1961 ዓ.ም. ድረስ ከ2.5 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ፣ ያውም ወጣቱ፣ ሐኪሙና መሐንዲሱ የሚበዛበት፣ ወደ ምዕራብ ኮበለለ። ምዕራቡ ዓለም በሩን ከፍቶ ሲነግድ፣ የዬና ፋብሪካ ከውጭ ሊገዛ ያልተፈቀደለትን ሁሉ ከራሱ ሊፈጥር ተገደደ፤ በ1988 ዓ.ም. የምሥራቅ ጀርመንን የመጀመሪያ ባለ አንድ ሜጋቢት ቺፕ ለርእሰ ብሔሩ ለኤሪክ ሆኔከር በክብር ባበረከተ ጊዜም፣ ያ ዕቃ በዓለም ገበያ ከሚሸጥበት ዋጋ እጅግ በሚበልጥ ወጪ የተሠራ መሆኑን የጉዳዩ ባለቤቶች ያውቁ ነበር።

በ1989 ዓ.ም. በላይፕሲግ በቅዱስ ኒቆላዎስ ቤተ ክርስቲያን በየሰኞው ስለ ሰላም ይደረግ የነበረው ጸሎት ወደ አደባባይ ወጥቶ፣ ኅዳር ሲጠባ በኖቬምበር 9 ቀን የበርሊን ግንብ ተከፈተ። ሕዝቡ ነጻነቱን ካገኘ በኋላ የጠየቀው የምዕራቡን ማርክ ነበር፤ ማርኩ ወደ እኛ ካልመጣ እኛ ወደ እሱ እንሄዳለን ብሎ ሲፎክርም ዛቻው ከንቱ አልነበረም። ስለዚህ ከፖለቲካው ውሕደት ሦስት ወር ቀድሞ፣ በጁላይ 1 ቀን 1990 ዓ.ም. የገንዘቡ ውሕደት ተፈጸመ፤ ደመወዝና ጡረታ አንድ ለአንድ፣ የቁጠባ ገንዘብም ለጎልማሳ ሰው እስከ 4,000 ማርክ ድረስ አንድ ለአንድ፣ ከዚያ በላይ ያለው ሁለት ለአንድ ተመነዘረ። ለጡረተኛው ይህ ቀን በረከት ነበር። ለፋብሪካው ግን መቅሠፍት ሆነ፤ ትናንት በደካማ ገንዘብ ይከፍለው የነበረውን ደመወዝ ዛሬ በጠንካራው ሊከፍል ሲገደድ፣ የኖረ ደንበኛው የሞስኮና የፕራግ ገዢ ያንን ጠንካራ ገንዘብ ከየትም ሊያመጣው አልቻለምና። የገዛ አገሩ ሰው እንኳ የናፈቀውን የምዕራብ ዕቃ ለመግዛት ተሽቀዳደመ እንጂ የጎረቤቱን ፋብሪካ ሥራ የሚሻ አልተገኘም።

መንግሥት የያዛቸውን ፋብሪካዎች ለግል ባለቤት የሚያስተላልፈው መሥሪያ ቤት ትሮይሃንድ ይባል ነበር፤ ቃሉ በእኛ ቋንቋ ዐደራ ማለት ነው። ይህ የዐደራ መሥሪያ ቤት 8,500 ያህል ድርጅቶችንና አራት ሚሊዮን የሚሆኑ ሠራተኞቻቸውን ተረከበ፤ መሪው ዴትሌቭ ሮቬደር በኤፕሪል 1 ቀን 1991 ዓ.ም. በቤቱ ሳለ በጥይት ተገደለ፤ በምትኩ የተሾመችው ቢርጊት ብሮይል ሥራውን አፋጥና በ1994 ዓ.ም. ፍጻሜ ዘጋችው። ያን ሁሉ ንብረት በአራት ዓመት ለገበያ ያቀረበ ሻጭ ደህና ዋጋ ሊያገኝ አይችልም፤ መሥሪያ ቤቱም ትርፍ ያገኛል ሲባል ከ200 ቢሊዮን ማርክ የሚበልጥ ዕዳ ትቶ ሄደ። የምሥራቁ ሰው በአርባ ዓመት ያጠራቀመው ጥሪት ስላልነበረው፣ ታላላቁን ድርጅት የገዛው ከሞላ ጎደል የምዕራቡ ሰው ነው። በዚያው በቱሪንጊያ፣ በቢሾፈሮደ መንደር፣ የፖታሽ ማዕድን ቆፋሪዎች ጉድጓዳችን አይዘጋም ብለው በ1993 ዓ.ም. በጋ ምግብ ሳይቀምሱ ብዙ ቀን ሰነበቱ፤ ጉድጓዱ ግን በዓመቱ መጨረሻ ተዘጋ።

በዬናም ከ20,000 የሚበልጠው የዛይስ ሠራተኛ በአብዛኛው ከሥራ ወጣ። በ1991 ዓ.ም. በተደረገው ስምምነት፣ በስደት ያደገው የኦበርኮኸኑ ዛይስ የማይክሮስኮፑንና የመሰለውን ዋና ሥራ ሲረከብ፣ የቀረው ክፍል ዬኖፕቲክ ተብሎ ለቱሪንጊያ መንግሥት ተሰጠ፤ የባደን ቩርተምበርግ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ሎታር ሽፔትም መሪው ሆነ። ሽፔት ከመንግሥት በተሰጠው ብዙ ገንዘብ ዕዳውን ከፍሎ፣ የምዕራብ ኩባንያዎችን ገዝቶ ከዬና ጋር በማገናኘት፣ ድርጅቱን በ1998 ዓ.ም. ወደ አክሲዮን ገበያ አደረሰው። ከሥራ የወጡት መሐንዲሶችም ሁሉም አልተበተኑም፤ ብዙዎቹ በየጓዳው ትንንሽ የሌዘርና የሌንስ ድርጅት ከፈቱ፤ የድሮው ፋብሪካ የቆመበት የከተማው መካከልም ግማሹ ገበያ፣ ግማሹ የዩኒቨርሲቲው ግቢ ሆነ።

የመላው ምሥራቅ ታሪክ በዬና በጎ ዕድል ብቻ የሚለካ አይደለም። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የፈሰሰው ገንዘብ ከ1,000 ቢሊዮን ዩሮ እንደሚበልጥ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ይገምታሉ፤ በዚህም ገንዘብ መንገዱ ተጠርጓል፣ ሊፈርስ የደረሰው የጥንት ከተማ ታድሷል፣ የቢተርፌልድ የተመረዘ አየርና ወንዝ ጠርቷል። የሕዝቡ የነፍስ ወከፍ ምርት በውሕደቱ ጊዜ ከምዕራቡ ከመቶ 43 እጅ የነበረው በ2018 ዓ.ም. 75 እጅ ደርሷል። ነገር ግን ከዚህ ጉዞ የሚበዛው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተፈጸመ ነው፤ ከዚያ በኋላ እርምጃው እንደ ሽማግሌ ዘገየ፤ በ2005 ዓ.ም. በምሥራቅ ከአምስት ሠራተኛ አንዱ ሥራ አጥ ነበር። ስለ ምን ቢባል፣ የፋብሪካው ሕንጻ በምሥራቅ ቢቆምም ዋና መሥሪያ ቤቱ፣ የምርምር ክፍሉና ትርፉ የሚቆጠርበት መዝገብ በምዕራብ ቀርቷልና። ዛይስ እንኳ በዬና ብዙ ሠራተኛ ይዞ ሳለ ዛሬም የሚመራው ከኦበርኮኸን ነው። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም እንዲሉ፣ በ1945 ዓ.ም. የሄደው አእምሮ በሄደበት ወልዶ ከብዶ ቀርቷል፤ አገር አንድ ሆነ ተብሎ ዐዋጅ ቢነገር ጓዙን ጠቅልሎ አይመለስም።

ታዲያ ዬና ስለ ምን ዳነች፣ ቢሾፈሮደስ ስለ ምን ወደቀች? የቢሾፈሮደ ሀብት ከመሬት ውስጥ ነበረ፤ ጉድጓዱ ሲዘጋ የቀረ ነገር አልነበረም። ዬና ግን 84ቱ ሰዎች ሲወሰዱባት፣ 84 ሰዎችን ያፈራውን ትምህርት ቤት ማንም ሊጭንባት አልቻለም፤ ያም አቤ ፋብሪካውን ያሠረበት ዩኒቨርሲቲ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ከጎታ ከተለዩ በኋላ አገራቸው ለመግባት ሳይታደሉ በ1658 ዓ.ም. በእስክንድሮና ባሕር ሰጥመው ሞቱ። ዕውቀታቸው ግን አብሯቸው አልሰጠመም፤ ቱሪንጊያ ላይ አጠገባቸው ተቀምጦ የሰማ ተማሪ ነበራቸውና፣ ሉዶልፍ የአማርኛን ሰዋስው በ1698 ዓ.ም. አሳተመው።