«ባሪያ» የተባለው ገመድ

የታሪክ ጸሐፍት ስለ መድፍ ብዙ ብለዋል፤ ስለ ገመድ ግን ጥቂት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የዘመተችው የአሜሪካ ጂፕ ባለ6 ቮልት ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1950 የተከተለቻት ኤም 38 ግን ባለ24። ከባድ ሞተር ሲነሳ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይፈስሳል፤ ቀጭን ሽቦ ይግላል። ስለዚህ ባትሪው የደከመውን የጦር ተሽከርካሪ ከሌላው ጋር የሚያገናኘው ገመድ ከወፍራም መዳብ ተሠራ። ኔቶም የአባላቱ ተሽከርካሪዎች እርስ በርስ ይረዳዱ ዘንድ አንድ ዓይነት መሰኪያ ደነገገ።

እኔን የያዘኝ ግን ስሙ ነው፤ የአሜሪካ ወታደሮች «የባሪያ ገመድ» ይሉታል። አገራቸው ባርነትን እ.ኤ.አ. በ1865 በሕገ መንግሥቷ ሻረች፤ ቃሉ ግን በዕቃዋ ላይ ቀረ። የሰው ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ሳሻግር የምውል የባንክ ሠራተኛ ነኝና፣ ለሌላው ብርታት የሚያደርሰውን «ባሪያ» ማለት ይከብደኛል። እኔ ብሆን «አደራ» እለው ነበር።