ታንኳው፣ ጉማሬውና ናይል ፐርቹ

እኛ የአዲስ አበባ ሰዎች ውኃን የምናውቀው ከቧንቧ ሲወርድ ነው። ሲጠፋብን ደግሞ ስም እንጠራለን፤ “ለገዳዲ ምን ነካው?” እንላለን። ከቡራዩ በኩል ገፈርሳ፣ በደሴ መንገድ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተገነባው ለገዳዲ፣ ኋላም ጎረቤቱ ድሬ፣ ሁሉም ለጥማችን የተገደቡ ውኃዎች ናቸው። በዓሣም ረገድ እውቀታችን ከዚህ ብዙ አይርቅም። በጾም ሰሞን ጉላሽ ወይም ኮተሌት አዘን፣ በልተን፣ እጃችንን ታጥበን እንነሳለን። ዓሣው ከየትኛው ሐይቅ መጣ? ማን ያዘው? ያዡስ በምን ላይ ተቀምጦ ነበር? ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

አፍንጫችን ሥር ሰበታ ላይ ስለ ዓሣ ብቻ የሚያስብ የምርምር ማዕከል አለ። የዓሣ ጫጩት እያራባ ለኩሬና ለግድብ ያከፋፍላል። ይሁንና ኢትዮጵያዊና ዓሣ የተዋወቁት በምርምር ጣቢያ አይደለም። ትውውቁ የተጀመረው ከሣርና ከቀላል ግንድ በተሠራች፣ አንድ ሰው በትከሻው ተሸክሞ ወደ ቤቱ በሚወስዳት ጀልባ ላይ ነው። የዚህች ጀልባ ታሪክ የሁለት ሐይቆች ታሪክ ነው፤ የጣናና የጫሞ።

ከጣና እንጀምር። የጣና ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገል የጥንት ግብፆች ወረቀት የሠሩበት፣ ጀልባም ያበጁበት ተክል ነው። ከሐይቁ ዳር ይታጨዳል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ በነዶ በነዶው ይታሰራል፤ ከዚያ አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ብሎ ይጠፈራል። ምስማር የለው፣ ሣንቃ የለው። ውኃ ወደ ውስጡ እንዳይገባ ተብሎም አልተሠራም። ውኃው በነዶዎቹ መካከል ይገባል፣ ይወጣል፤ ታንኳውን የሚያንሳፍፈው ደንገሉ በውስጡ የያዘው አየር ነው። ስለዚህ እየዋለ እያደረ ውኃ ይጠጣል፣ ይከብዳል። ባለቤቱም ከሥራ ሲመለስ ከውኃው አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያቆመዋል። እንዲያም ሆኖ ዕድሜው ከወራት አያልፍም፤ ሲበሰብስ ሌላ ይሠራል። የታንኳ ባለሙያ ሀብቱ ታንኳው ሳይሆን እጁ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

ይህን ጀልባ የውጭ ሰዎች ከጻፉለት ቆይቷል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በጣና ዙሪያ የነበሩት ኢየሱሳውያን ያውቁት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ደግሞ ስለ ደንገል ሲጽፍ፣ በሐበሻ ምድር ያለው ጀልባ ከዚሁ ተክል የሚሠራው ታንኳ ብቻ መሆኑን አስፍሯል። የፈርዖኖችን የመቃብር ሥዕል ላየ አውሮፓዊ ጣና ላይ የሚንሳፈፈው ታንኳ ከግድግዳ ላይ ወርዶ የመጣ ነበር የሚመስለው።

አፄ ቴዎድሮስም ታንኳን አልናቁትም። በ1858 ዓ.ም. ዘጌ በሰፈሩበት ወቅት ከደንገል ትልልቅ ጀልባዎች አሠርተው፣ በጎንና በጎናቸው በእጅ የሚዞር መንኮራኩር አስገጥመው እንደነበር በእስር አብሯቸው የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ጽፎልናል። መድፍ በጋፋት ሊያሠሩ የተነሱት ንጉሥ የእንፋሎት መርከብንም በደንገል ሊተረጉሙት ሞከሩ ማለት ነው። ነገሩ ፈገግ ያሰኝ ይሆናል። ግን ልብ እንበል፤ ንጉሡ ለሕልማቸው ማሠሪያ የመረጡት ሩቅ አገር ያለ ነገር ሳይሆን እግራቸው ሥር የበቀለውን ነው።

የታንኳው ባለቤቶች እነማን ነበሩ ቢሉ፣ በዋነኛነት ነገደ ወይጦዎች ናቸው። በሐይቁ ዳር ሰፍረው ዓሣ ያጠምዱ፣ ደንገል ይሠሩ፣ የወፍጮ ድንጋይ ይጠርቡ፣ ከሁሉም በላይ ጉማሬ ያድኑ ነበር። እንግዲህ አንባቢ ያስበው። ጉማሬ ከአንድ ሺህ ኪሎ በላይ የሚመዝን፣ በቁጣው አዞ እንኳ የሚሸሸው እንስሳ ነው። ወይጦው የሚገጥመው በመርዝ የተቀባ ጦር ይዞ፣ ከሥሩ ያለው የደረቀ ሣር ብቻ ሆኖ ነው። ታንኳዋ ብትገለበጥ አትሰጥምም፤ ሰውየው ግን ከጉማሬው አፍ ፊት ነው የሚወድቀው። ከዚያ አውሬ ቆዳ የሚወጣው አለንጋ በየገበያው ይሸጥ ስለነበር፣ “ጉማሬ” የሚለው ስም እስከ ዛሬ በአማርኛችን የአውሬውም የአለንጋውም መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል።

ለዚህ ጀግንነት የተከፈላቸው ዋጋ ግን ንቀት ነበር። የጉማሬ ሥጋ ይበላሉ ተብለው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከማዕዱ አራቃቸው። ራሳቸው እስልምናን ቢቀበሉም ጎረቤቶቻቸው በሙሉ ልብ አልተቀበሏቸውም። የጥንት ቋንቋቸውም በአማርኛ ተውጦ ጠፋ፤ በኋላ የመጡ የቋንቋ ተመራማሪዎች ተናጋሪ ፈልገው አላገኙም። በታንኳቸው ገዳማቱን የረገጠው መነኩሴ፣ እህሉን ያሻገረው ነጋዴ፣ ዓሣቸውን የበላው ከተሜ ስማቸውን ሲያነሳ ከንፈሩን ያጣምም ነበር። የእጅን ሥራ ወድዶ ባለ እጁን መናቅ የኛ የቆየ በሽታ ነው፤ አንጥረኛውንም ሸማኔውንም ሸክላ ሠሪውንም ያገኘ በሽታ።

የጣና ደንገል ዓለም አቀፍ ዝና ያገኘውም ባለ እጆቹ ባልተጠሩበት ድግስ ላይ ነው። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ሊያቋርጡ ይችሉ ነበር የሚል ሐሳብ ይዞ ተነሳ። ደንገሉን ከጣና አሳጭዶ ግብፅ አስወሰደና ከፒራሚዶቹ አጠገብ “ራ” የተባለችውን ጀልባ አሠራ። የሠሩለት ግን የቻድ ሐይቅ ሰዎች ነበሩ። ጀልባዋ በግንቦት 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ ተነስታ 5 ሺህ ያህል ኪሎ ሜትር ከተጓዘች በኋላ ካሪቢያን ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ተዳክማ ተተወች። በማግስቱ ዓመት የቦሊቪያ የቲቲካካ ሐይቅ ባለሙያዎች በኢትዮጵያ ደንገል የሠሯት “ራ 2” በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። ሣሩ የኛ፣ እጁ የሌላ። ያም ሆኖ ጣና ዳር የበቀለ ሣር ውቅያኖስ ተሻግሯል።

አሁን ወደ ዓሣው እንለፍ። ጣና የአባይ መነሻ ሆኖ ሳለ የአባይ ወንዝ ታላቅ ዓሣ፣ ናይል ፐርች፣ በውስጡ የለም። እስከ 200 ኪሎ ሊመዝን የሚችለው ይህ ዓሣ በጋምቤላ በባሮ ወንዝ አለ። ወደ ጣና እንዳይወጣ ያገደው ጢስ እሳት ነው። 40 ሜትር ያህል ከፍታ ያለውን ፏፏቴ የሚዘል ዓሣ የለም። በዚህ አጥር ጀርባ የቀሩት የጣና ዓሦች በራሳቸው መንገድ ተለወጡ። ተመራማሪዎች እንደሚነግሩን ጣና ከ17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ ነበር፤ ከ15 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት እንደገና ሞላ። በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ እኛ በደፈናው “ነጭ ዓሣ” የምንለው ወገን ከአሥር በላይ ዝርያ አወጣ። አንዳንዱ ሌላውን ዓሣ አዳኝ ሆነ፤ ይህን የመሰለ ቤተሰብ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አይገኝም።

ናይል ፐርችን በሐይቅ ለማየት ወደ ደቡብ፣ ወደ አርባ ምንጭ መውረድ ያስፈልጋል። በእግዜር ድልድይ ተለያይተው የተኙት አባያና ጫሞ ዛሬ ከአባይ ጋር የሚያገናኛቸው ውኃ የለም። ታዲያ የአባይ ዓሣ እንዴት ገባባቸው? መልሱ ጥንታዊ ነው። ዝናብ በበዛበት በዚያ ዘመን አባያ ወደ ጫሞ፣ ጫሞ በሰገን በኩል ወደ ጨው ባህር፣ ጨው ባህርም ወደ ቱርካና ይፈስ ነበር፤ ቱርካና ደግሞ ሞልቶ ወደ ናይል ይተርፍ ነበር። ውኃው ሲሸሽ ዓሣው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ የመጡት ጣሊያኖች አባያን በንግሥታቸው “ማርጌሪታ”፣ ጫሞን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1893 ዝሆን በገደለው አሳሻቸው “ሩስፖሊ” ብለው በካርታ ላይ ጻፉ። ስሞቹ ከካርታው ተፋቁ፤ ከእነሱ በፊት ብዙ ሺህ ዓመት የኖረው ናይል ፐርች ግን ቀጠለ።

በጫሞና በአባያ ያለው ባህላዊ ጀልባ ከደንገል ሳይሆን እንደ ቡሽ ከሚቀል፣ ከውኃ ዳር ከሚበቅል ግንድ የሚታሰር ጠፍጣፋ ታንኳ ነው። ዓሣ አጥማጁ ከውኃው በላይ ያለው ከፍታ ስንዝር ቢሆን ነው። መረቡን ሲጎትት እግሩ ውኃ ይነካል። በዚያው ሐይቅ ደግሞ፣ ኩልፎ ወንዝ በሚገባበት አካባቢ፣ ጎብኚው በሞተር ጀልባ ሊያየው የሚሄደው “አዞ ገበያ” አለ፤ ግዙፍ አዞዎች ተጋድመው አፋቸውን ከፍተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ጎብኚው ፎቶግራፍ አንስቶ ይመለሳል። ዓሣ አጥማጁ ግን ማታም እዚያው ነው። ጉማሬው ለግጦሽ የሚወጣበትን ሰዓት፣ አዞዋ እንቁላሏን የምትጠብቅበትን ወራት ማወቅ ለእሱ የዕድሜ ጉዳይ ነው። “ዓሣን መብላት በብልሃት” የሚለው ተረት የተነገረው ስለ እሾሁ ነው ይባላል፤ ጫሞ ላይ ግን ስለ ያዡም ይሠራል።

ታዲያ ዛሬ ይህ ሁሉ በምን ላይ ይገኛል? በ1970ዎቹ ጣና ላይ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ገባ። ዓላማው በጎ ነበር፤ ድሃ ዓሣ አጥማጅ እንዲጠቀም፣ ከተማም ዓሣ እንዲበላ። ሆኖም ነጭ ዓሦቹ በክረምት ለመራባት ወደ ወንዞቹ አፍ ሲሰበሰቡ መረቡ እዚያው ጠበቃቸው። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ብዛታቸው በሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሱን ጥናት አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ እምቦጭ በሐይቁ መታየቱ ታወቀ። የደንገሉም ቦታ በእርሻ እየተበላ፣ ከሐይቁ መውጫ ላይ በተሠራው መቆጣጠሪያ ውኃው ከፍና ዝቅ እያለ ሳሳ። በጫሞም ቀዳዳው በጠበበ መረብና በሕገወጥ ማስገር ናይል ፐርች ተመናመነ፤ ሳይወልድ የተያዘ ዓሣ ዘር አይተካም።

እዚህ ላይ የቪክቶሪያ ሐይቅን ማንሳት ይገባል። በ1950ዎቹና 60ዎቹ እ.ኤ.አ. ናይል ፐርች ወዳልተፈጠረበት ወደዚያ ሐይቅ ተወስዶ ተለቀቀ። በዘመናት የበቀሉ በመቶ የሚቆጠሩ ትናንሽ የዓሣ ዝርያዎችን አጠፋ። በዚያ ናይል ፐርች በዛና ሐይቁን ጎዳ፤ በጫሞ አነሰና ሐይቁ ተጎዳ። ጥፋቱ የዓሣው አይደለም። በቦታው ያለውን ነገር ባለማወቅ የሚሠራ የሰው ጥፋት ነው። ጢስ እሳት የዘጋውን በር ሰው በባልዲ ቢከፍተው ጣናም የቪክቶሪያ ዕጣ በደረሰው ነበር።

ታንኳ ይመለስ፣ የሞተር ጀልባ ይሰበር የሚል የለም። የወይጦ ልጅም አባቱ በተቀመጠባት እርጥብ ሣር ላይ እንዲቀመጥ የሚፈርድበት ምክንያት የለም። ግን ታንኳ አንድ ልክ ነበራት። አንድ ሰው፣ አንድ መረብ፣ ከዚያም ለማድረቅ እረፍት። ደንገሉ ሲያርፍ ሐይቁም ያርፍ ነበር። ሞተሩ ሲመጣ ልኩ ቀረ፤ በምትኩ ሌላ ልክ አላበጀንም። ዓሣው በሚራባበት ወራት መረብ እንዳይጣል፣ የመረቡ ዓይን እንዲሰፋ፣ ደንገሉ እንዲጠበቅ ማድረግ ከባድ ጥበብ አይደለም። ከባዱ፣ ይህን ከማንም ቀድመው የሚያውቁትን፣ በሐይቁ ዳር የኖሩትን ሰዎች ጠርቶ መጠየቅ ነው፤ ለዘመናት ከማዕዳችን አርቀናቸዋልና።

የሚቀጥለው ጾም ሲገባ ጉላሹ ከፊታችን ሲቀርብ ቢያንስ አንዱን ጥያቄ እንጠይቅ፤ ይህ ዓሣ ከየት መጣ?