ሦስተኛው ሲሊንደር

ስለ ቮልስ ሲወራ የማንሰማው ነገር የለም። «ቮልስ ውሃ አትጠይቅም»፣ «ቮልስ አትሞትም»... የመጀመሪያው እውነት ነው፤ ራዲያተር የላትማ! ሁለተኛውን ግን እስቲ የኋላ ኮፈኗን ከፍተን እንየው።

የፖርሸ ቢሮ መሐንዲሶች በ1930ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው) የነደፉት ይህ ሞተር አራት ሲሊንደሮች አሉት፤ ሁለቱ በቀኝ፣ ሁለቱ በግራ የተጋደሙ። ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዞች ያስተዳድሩት ከነበረው የቮልፍስቡርግ ፋብሪካ ሲወጣ 1131 ሲሲና 25 የፈረስ ጉልበት ነበረው። በ1954 1192 ሲሲና 30 ሆነ። እያለ እያለ በ1970 1584 ሲሲና 50 ደረሰ። ጉልበቱ እጥፍ ሆነ፣ ሙቀቱም አብሮ ጨመረ።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። በቺንጋ የሚዞር ቬንትሌተር በቆርቆሮ ሽፋን ውስጥ አየር ወደ ሲሊንደሮቹ ይነፋል። ቺንጋው ተበጠሰ ማለት ንፋሱ ቆመ ማለት ነው። ያው ቺንጋ ዲናሞውንም ስለሚያዞር ቀይ መብራት ይበራል፤ መብራቷን ንቆ የነዳ ሞተሩን ያቃጥላል።

የባሰው ግን መብራት የሌለው ችግር ነው። የዘይት ማቀዝቀዣው የተተከለው በዚያው ሽፋን ውስጥ፣ ልክ በሦስተኛው ሲሊንደር የአየር መንገድ ላይ ነበር። ለምስኪኑ ሦስተኛ የሚደርሰው ተጋርዶ የተረፈ፣ ያውም የሞቀ አየር ነው። ስለዚህ የጭስ ማውጫ ቫልቩ ቀድሞ ይቃጠላል፤ አንዳንዴም ጭንቅላቱ ተቀንጥሶ ፒስቶኑን ይበሳዋል። ፋብሪካውም ያውቅ ነበር። አንዳንድ ዲስትሪቢዩተሮች ለሦስተኛው ብቻ እሳቱን በትንሹ እንዲያዘገዩ ተደርገው ተሠርተዋል። እኛ ይህን ማስታገሻ እንለዋለን። መድኃኒቱ የመጣው በ1970 ነው፤ ማቀዝቀዣው ከሲሊንደሩ የአየር መንገድ ወጥቶ የራሱ ቤት ተሠራለት።

ዘይቷም 2.5 ሊትር ብቻ፣ ፊልትሮ የሌለው፣ በወንፊት ብጤ የሚያልፍ ነው። ቶሎ ቶሎ ይቀየራል፤ የቫልቭ ክፍተቱም ሞተሩ ቀዝቅዞ ይለካል። «አትሞትም» የምትባለው ቮልስ እንግዲህ ይህ ሁሉ ሲደረግላት የኖረችው ናት።

የመጨረሻዋ በሐምሌ 2003 ከሜክሲኮዋ ፑዌብላ ስትወጣ ቁጥሩ 21,529,464 ደርሶ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም የሚሸጡ አሉ። ሻጩ «ሞተሯ ገና ነው» ሲለን የአራቱንም ሲሊንደሮች ኮምፕሬሽን እናስለካ... ከሦስተኛው ጀምረን።