ከገደሉ ወገብ ላይ

ስሙኝማ፣ ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ መንገድ ነው። በደቡብ ስፔን፣ በማላጋ በኩል፣ ጓዳልኦርሴ የሚባል ወንዝ አለ። ይህ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን ተራራ ሲሰረስር ኖሮ ኖሮ ለሁለት ከፈለው። በገደሉ ወገብ ላይ፣ ከወንዙ 100 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ከአለቱ ጋር ተጣብቆ የሚሄድ መረማመጃ ተዘርግቷል። ካሚኒቶ ዴል ሬይ ይሉታል፤ የንጉሡ ጠባብ መንገድ እንደማለት ነው። ንጉሡ እስኪመጡ ግን ገና ነን፤ ታገሡኝ።

ጉዞው በሰሜን፣ በአርዳሌስ ግድቦች አካባቢ ይጀምራል። አቅጣጫው አንድ ብቻ ነው፤ ወደ ደቡብ። ጠቅላላው 7.7 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከዚህ ውስጥ 3 ኪሎ ሜትር ገደማው በገደሉ ውስጥ የሚያልፈው ክፍል ነው። በሩ ላይ ለፀጉር ስስ ቆብ፣ ከላዩ ደግሞ ሄልሜት ይሰጣችኋል። ከ8 ዓመት በታች የሆነ ልጅ አይገባም። ሄልሜቱ ከውድቀት ያድናል ብላችሁ እንዳትታለሉ፤ ከዚያ ከፍታ ለሚወድቅ ሰው ቆብ ምን ሊፈይድለት! ከላይ ለሚንከባለል ጠጠር ነው።

ይኸው ገባን። ግራና ቀኙ አለት እየተጠጋጋ ሄዶ፣ በአንዳንድ ስፍራ 10 ሜትር ያህል ብቻ ይቀራል። አንድ እጃችሁ አለቱን ይዳስሳል፣ ሌላው የብረት ገመዱን ይጨብጣል። ከእግራችሁ በታች ጣውላ፣ ከጣውላው በታች ባዶ አየር፣ ከአየሩ በታች አረንጓዴ ውኃ። ጥንብ አንሳ አሞራ ሲያንዣብብ ብዙ አይታችሁ ይሆናል፤ እዚህ ግን ጀርባውን ከላይ ሆናችሁ ታያላችሁ። አስጎብኚዋ አለቱ ላይ የቀረ የባሕር እንስሳ ቅሪት በጣቷ ታሳያችኋለች፤ ይህ ሁሉ ተራራ አንድ ጊዜ የባሕር ወለል ነበር።

«እንዲያው እዚህ ገደል ላይ መንገድ መሥራት ማን አሰበ?» በሉኝ እንጂ!

ውኃ ነው ያሳሰበው። አንድ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ከጋይታኔሆ እስከ ኤል ቾሮ ድረስ ውኃ በቦይ እየወሰደ ኃይል ያመነጭ ነበር። ቦይ ደግሞ ይደፈናል፣ ይሰነጠቃል፤ ጠባቂና ጠጋኝ ይፈልጋል። ስለዚህ ከ1901 እስከ 1905 እ.ኤ.አ. ድረስ አለቱን እየበሱ ሐዲድ ብረት ሰኩበት፤ በላዩም 1 ሜትር የምትሰፋ የሲሚንቶ ንጣፍ አነጠፉ። ሠራተኛው መሣሪያውን ተሸክሞ ሄደባት። የሠራተኛው ልጅም ወደ ትምህርት ቤት ሄደባት። ለእኛ ጉልበት የሚያብረከርከው ነገር ለዚያ ልጅ የጠዋት መንገዱ ነበር።

አሁን ንጉሡ ይምጡ። በ1921 እ.ኤ.አ. ንጉሥ አልፎንሶ 13ኛ ኢንጂነር ራፋኤል ቤንሁሜያ ያሠራውን ትልቅ ግድብ ሊመርቁ መጡ። በመንገዱም አለፉ ይባላል። የተቀመጡበት የድንጋይ ወንበር እስከ ዛሬ ከግድቡ አጠገብ አለ። ንጉሡ ሄዱ፤ መንገዱ ስማቸውን ይዞ ቀረ።

ጊዜ ደግሞ ንጉሥ አያውቅም። ቦዩ ሥራ ሲፈታ መንገዱም ጠጋኝ አጣ። ሲሚንቶው ተሸረፈ፣ መደገፊያው ረገፈ፣ ቦታ ቦታ ላይ ባዶ ሐዲድ ብቻ ቀረ። ይህን የሰሙ ደፋሮች ከየአገሩ መጡ። በ1999 እና በ2000 እ.ኤ.አ. ሰዎች ወድቀው ሞቱ፤ መግቢያው ተዘጋ። ከዚያ አርክቴክት ሉዊስ ማቹካ አዲሱን መረማመጃ ነደፈ፤ በመጋቢት 2015 እ.ኤ.አ. እንደገና ተከፈተ።

እዚህ ላይ ቆም በሉና ወደ ታች ተመልከቱ። አሮጌው መንገድ አልጠፋም። ከእናንተ እግር ሥር ተበሳስቶ እንደ አሮጌ መሶብ ክዳን ተንጠልጥሏል። ጣውላውን የረገጠ ሰው ሲሚንቶውን የረገጡትን የሚያስባቸው ያኔ ነው። የብረት ገመድ አልነበራቸውም፤ ሄልሜትም አልነበራቸውም፤ ነገ ደግሞ ይመለሱበት ነበር።

ወደ መጨረሻው ተንጠልጣዩ ድልድይ ይመጣል፤ ከወንዙ ከ100 ሜትር በላይ ነው። ነፋስ ሲመታው ይወዛወዛል፤ ሲብስ ደግሞ መንገዱ ሁሉ ይዘጋል። ከጎኑ ውኃውን ከገደል ገደል ያሻግር የነበረው የአሮጌው ቦይ ድልድይ ቆሟል። ከማዶ ባቡሩ ከአንዱ ዋሻ ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባል። ፍራንክ ሲናትራ የተወነበት፣ በ1965 እ.ኤ.አ. የወጣ የጦርነት ፊልም መጨረሻ የተቀረጸው በዚያ ሐዲድ ላይ ነው።

ከድልድዩ ወዲያ ደረጃውን ወጥታችሁ፣ ቁልቁል ወደ ኤል ቾሮ ጣቢያ ትወርዳላችሁ፤ ሄልሜቱን ትመልሳላችሁ፤ አውቶቡስ ወደ ተነሣችሁበት ያደርሳችኋል። የምትሄዱ ካላችሁ ትኬቱን አስቀድማችሁ ቁረጡ፤ ቶሎ ያልቃል። የንጉሡን ታሪክ ሳትጠይቁም ይነግሯችኋል። የቦይ ጠባቂዎቹን ግን ራሳችሁ ጠይቁ፤ በእነሱ መንገድ ነው የምትሄዱት።